ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እያደግኩ መሆኔን በምን ልወቅ?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን) ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በንብረት ክፍል እሠራለሁ። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። የተመደብኩት ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ።

ሥራዬን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዕቃ ሲገባ ቆጥሬ፣ ከግዢው ወረቀት ጋር አመሳክሬ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ እረከባለሁ። ክፍሎች ዕቃ ሲፈልጉ በሞዴል 20 ይጠይቃሉ። ኃላፊ ሲፈቅድ በሞዴል 22 አወጣለሁ። የገባውንም የወጣውንም ቢን ካርዱ፣ ማለትም የየዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ አሰፍራለሁ። ወረቀት፣ ቶነር፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ፣ የመኪና ጎማ፣ ወንበር። ነገም ወረቀት፣ ቶነር፣ ሳሙና። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራ ይመጣል። ኮሚቴው መደርደሪያውን ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። ልክ ከሆነ ይፈርማሉ፤ ይሄዳሉ። ሐምሌ 1 እንደገና ይጀመራል።

ሥራዬን አልጠላም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ "ልቀቂና የራስሽን ጀምሪ" የሚል መልስ ይበዛል። መልቀቅ አልፈልግም። እናቴን የምረዳው በዚህ ደመወዝ ነው፤ ታናሽ ወንድሜም ገና ተማሪ ነው። ደግሞም ዕቃው በቦታው ሲሆን፣ ካርዱና መደርደሪያው ሲገጥሙ ደስ ይለኛል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አብረውኝ ከተመረቁት አንዷ ማስተርሷን ይዛለች። አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ገብቷል። ስንገናኝ ስለ አዲስ ነገር ያወራሉ። እኔ ምን አዲስ ነገር አለኝ? በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከጠባሴ በጠዋት ተነስቼ፣ እጅ የሚያደነዝዘውን የብረት በር እከፍታለሁ። ማታ እዘጋለሁ። ደክሞኝ ነው ቤቴ የምገባው። ድካሙ እውነተኛ ነው። ግን ድካም ሁሉ ሰውን ያሳድጋል ወይ?

ስልኬ ላይ ራስን ስለማሻሻል የሚለቀቁትን አነባለሁ። "ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ" ይላሉ። "ሥራ ትምህርት ቤት ነው" ይላሉ። ሥራ ትምህርት ቤት ከሆነ እኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ? ፈተናውን የሚሰጠኝ ማን ነው? ማለፍ መውደቄንስ ማን ይነግረኛል?

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ አንድ ክፍል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጠይቆ መጣ። ካርዱን ሳላይ "ይህ ወረቀት እስከ የካቲት አይደርስም" አልኩ። ዝም ብሎ አፌ ላይ መጣ። ካርዱን ሳየው እውነትም አይደርስም። ይህ እድገት ይባላል? ወይስ መልመድ ብቻ ነው? ልዩነቱን የምታውቁ፣ በተለይ እንደኔ ቀን ከቀን አንድ ዓይነት ሥራ የምትሠሩ፣ ከራሳችሁ ሥራ እየጠቀሳችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። "በርቺ" ብቻ አትበሉኝ። እናንተ በምን እንደምታዩት ንገሩኝ።

በግ አርቢው ባለሙያ (መንዝ) መለሰ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እግረ መንገድሽን መጨረሻ ላይ ያነሳሻት ናት ዋናዋ። ስለ ወረቀቱ ያልሽው። በእሷ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው፤ ታገሺኝ።

እኔ ያለሁት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ከበግ አርቢዎች ጋር ነው። የመንዝን በግ ታውቂዋለሽ። ቁመናው ትንሽ ነው፤ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ብርድና ችግር ይችላል። ባናውም በርኖሱም ከእሱ ጸጉር ነው የሚሠራው።

እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ አለ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከልና ሌሎችም ከአርሶ አደሩ ጋር ሆነው ነው የጀመሩት። ከውጭ የመጣ ዝርያ የለበትም። እዚያው ካለው በግ የተሻለውን መርጦ ለዘር ማስቀረት ነው። ቀድሞ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነበር። ቶሎ የፋፋው ወንድ ግልገል ለበዓል ገበያ ይወጣል፤ ቤቱ ገንዘብ ያስፈልገዋላ። ገዢ ያጣው፣ የቀጨጨው እቤት ይቀራል። ዞሮ ዞሮ የመንጋው አባት የሚሆነው እሱ ነው። ክፉ ያሰበ ማንም የለም። ግን በየዓመቱ ደህናው ይሸጣል፣ ደካማው ያስወልዳል።

አሁን ግልገል ሲወለድ ይመዘናል። የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፤ እናቱም ትመዘገባለች። ጡት ሲጥል፣ ሦስት ወር ገደማ ላይ ይመዘናል። ስድስት ወር ላይ ደግሞ ይመዘናል። ከዚያ ወንዶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ መዝገቡ ይወጣል፤ ገበሬው ራሱ በዓይኑም በመዝገቡም አይቶ ይመርጣል። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል። ከራሱ ዘር ጋር እንዳይገናኝ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ በሚዛኑ ሥር ስላየሁት ነገር ልነግርሽ ነው።

አንድ አባት አሉ። ግልገሉ ሚዛን ላይ ከመሰቀሉ በፊት በሁለት እጃቸው ብድግ ያደርጉታል። ወገቡን ዳበስ ያደርጋሉ። ከዚያ ኪሎውን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀጥሎ ሚዛኑ ይነበባል። መጀመሪያ ሰሞን ግምታቸው በጣም ይርቅ ነበር። ጸጉሩ የበዛውን ግልገል ከባድ ይሉታል። "ጸጉሩ ነው ያታለለኝ" ይላሉ። በሚቀጥለው ጸጉሩን ገለጥ አድርገው የጀርባውን አጥንት ይነካሉ። ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስታቸዋል፤ ያንንም ይይዙታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዛሬ ከሚዛኑ ብዙም አይለዩም። ከዚያም አልፈዋል። እናቲቱን አይተው ግልገሏ ስድስት ወር ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። አውራ ሊገዛ ገበያ የሚወርድ ጎረቤት እሳቸውን ይዞ ነው የሚሄድ።

አጠገባቸው ሌላ አባት አሉ። ዕድሜያቸው ይመሳሰላል፤ በግ ያረቡበት ዘመንም እንዲሁ። እንዲያውም እኚህኛው ይበልጥ ይለፋሉ። ግልገሉን የሚይዙት እሳቸው፣ ሚዛኑን የሚያነሱት እሳቸው። ጠንካራ ገበሬ ናቸው፤ ላሳንሳቸው አይደለም። ግን ቀድመው አይገምቱም። ቁጥሩ ሲነገር ይሰማሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዛሬም ገበያ ላይ ጸጉር ያታልላቸዋል።

ሁለቱም አንድ ሚዛን ሥር ቆመዋል። ሁለቱንም እኩል በርዷቸዋል። አንደኛው ግን ሚዛኑን ጥያቄ ጠይቀውታል።

መልመድና ማደግ የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስትለምጂ እጅሽ ሳታስቢ ይሠራል። ይህም ጥሩ ነው፤ ድካም ይቀንሳል። ለማደግ ግን ቀድመሽ መገመት አለብሽ። ከዚያ ልክ መሆን አለመሆንሽን የሚነግርሽ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራሽን ስታዪ "የቱ ከበደኝ?" ብለሽ አትጀምሪ። "የቱ ጋ ነው መልስ የሚመለስልኝ?" በይ። ጎማ መሸከም ከባድ ነው፤ ግን ምንም አይነግርሽም። ካርዱ ይነግርሻል። ወረቀቱ የካቲት አይደርስም ስትዪ ገምተሻል፤ ካርዱን ስትከፍቺ ተመዝነሻል። ያን ቀን ሳታስቢው ነው የሆነው። አሁን አውቀሽ አድርጊው። ክፍሉ መጠየቂያውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ስንት እንደሚጠይቅ ገምቺ። የትኛው ዕቃ መጋቢት ሳይገባ እንደሚያልቅ ዛሬ ጻፊ፤ ከፈለግሽ ካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ። ግምትሽ ሲርቅ ምን እንዳሳሳተሽ ፈልጊ። የኛ አባት የተማሩት በሳቱባቸው ግልገሎች ነው።

የፋርማሲዋ (ሸዋ ሮቢት) መለሰች፦

የጠባሴ ልጅ፣ እኔም የካርድ ሰው ነኝ። ሸዋ ሮቢት አንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የመንዙ ወንድማችን ያለው ልክ ነው። በመደርደሪያና በካርድ መካከል ምን እንደሚመስል እኔ ላሳይሽ።

መድኃኒት ላይ ቢን ካርድ ለቆጠራ ብቻ አይያዝም። በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ እንልካለን። አንድ መድኃኒት ቢበዛ የአራት ወር፣ ቢያንስ የሁለት ወር ፍጆታ የሚሸፍን መኖር አለበት። ከግማሽ ወር በታች ከወረደ የሪፖርቱን ጊዜ ሳንጠብቅ በአስቸኳይ እንጠይቃለን። ስንት ይጠየቃል? ባለፉት ሦስት ወራት 120፣ 150፣ 180 ፓኬት ወጣ እንበል። አማካዩ 150 ነው። በአራት ሲባዛ 600 ይሆናል። መደርደሪያው ላይ 200 ካለ የምጠይቀው 400 ነው።

ይህን ማንም ይማረዋል፤ ሥልጠናም አለው። የከበደው ሌላ ነው። ቁጥሩ መቼ እንደሚያሳስት ማወቅ።

ከሦስቱ ወሮች በአንዱ መድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር እንበል። ካርዱ ላይ የዚያ ወር ወጪ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ትንሽ የሆነው ሰው ስላልፈለገው አይደለም፤ ስላልነበረ ነው። ያን ትንሽ ቁጥር ይዤ ካሰላሁ የሚላክልኝ ያንሳል። ስለሚያንስም እንደገና ያልቃል። ያለቀበትንና የገባበትን ቀን ለይቼ የምይዘው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበዛል። የግንቦትንና የሰኔን አማካይ ይዞ ለጥቅምት የሚጠይቅ ሰው ሒሳቡ ልክ ነው፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ይሆናል። ሽንኩርት ሲደርስ ደግሞ ከደጋ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሲይዘው ይጠናበታል። ስለዚህ መጠየቂያውን ከመሙላቴ በፊት ውጭ ውጭውን አያለሁ። ዝናቡ እንዴት ነበር? ውኃ ያቆረው የት ነው? ማሳው ምን ላይ ደርሷል? እነዚህን ካርዱ አያውቃቸውም። እኔ ማወቅ አለብኝ።

አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ስትቆም፣ የወባው መድኃኒት ኮአርተም መኖር አለመኖሩ የተወሰነው ከሁለት ወር በፊት መጠየቂያውን ስሞላ ነው። ይህን ሳስብ ካርድ መሙላት ትንሽ ሥራ ነው ለማለት አልችልም።

ወዳንቺ ልመለስ። ያንቺም ቶነር እንዲሁ ነው። ቶነር ጠፍቶ የነበረበትን ሳምንት ለይተሽ ታውቂዋለሽ? ወረቀት በብዛት የሚወጣው መቼ ነው? የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲዘጋ መሆን አለበት፤ የመስከረም፣ የታኅሣሥ፣ የመጋቢትና የሰኔ መጨረሻ። ካርዶችሽን ደርድሪና እውነት መሆኑን እዪ። ግዢ ክፍል ጥያቄ ከገባለት ቀን ጀምሮ ዕቃው ግምጃ ቤት እስኪደርስ ምን ያህል ይወስዳል? ይህን ከያዝሽ "ወረቀት አልቋል" የምትይበት ጊዜ ያበቃል። "ወረቀት ሊያልቅ ነው፤ ግዢው በዚህ ሳምንት ይጀመር" ትያለሽ። አካውንቲንግ መማርሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀሪው ዕቃ ገንዘብ ነው፤ ታስሮ የተቀመጠ በጀት ነው። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ይህን ከአንቺ የተሻለ የሚያይ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም።

የፈረቃ ሠራተኛ (ደብረ ብርሃን) መለሰ፦

ሁለቱም ባሉት እስማማለሁ። ግን ጥያቄሽን "ድካም ሁሉ ያሳድጋል ወይ?" ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አያሳድግም። ይህ በግልጽ መባል አለበት። ድካምን ሁሉ እድገት እያሉ ሰውን ማሞኘት ደግ አይደለም።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ክር ላይ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ከማሽኔ የወጣው ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንቱ ደህና ስንቱ ብልሽት እንደሆነ አይነገረኝም ነበር። ሠርቼ እወጣለሁ፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ይገባል። በዚያ ጊዜ ምን ልማር? ልቤም ጉልበቴም እዚያው ነበር፤ መልሱ ግን ቢሮ ገብቶ ይቀራል።

ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ቦታ ተሠልጥኗል፤ እኛም ጋ "አምስቱ ማዎች" ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግምጃ ቤት ስለሆንሽ ሳታውቂያቸው አትቀሪም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን የየማሽኑ የክር መበጠስ ፈረቃው ሲያልቅ ሰሌዳ ላይ መጻፍ መጀመሩ ነው። ቁጥሩን ሳየው ሰዓቱን መከታተል ያዝኩ። አየሩ ደረቅ በሆነበት ጠዋት ይበዛል፤ እርጥበት ሲያንስ ክር ቶሎ ይበጠሳል። አሁን እርጥበት መስጫው እንዲታይ ቀድሜ እናገራለሁ፤ ቴክኒሻኑም ይሰማኛል።

የምልሽ ይህ ነው። መልሱ አንዳንዴ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ጠይቂ። ሰኔ ላይ ኮሚቴው ፈርሞ ሲሄድ "ሪፖርቱን እኔም ልየው" በይ። ያንቺው ሥራ ነው፤ መብትሽ ነው። ጠይቀሽ ከከለከሉሽ፣ ምንም ብትገምቺ የሚነግርሽ ከሌለ፣ ያኔ ችግሩ አንቺ ጋ አይደለም። ክፍል መቀየር መጠየቅም ከእድገት አይቆጠርም ያለሽ ማን ነው?

የደብረ ሲናዋ መለሰች፦

እናቴ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደብረ ሲና ነን። እናቴ ቆሎ ሻጭ ናት፤ ከጣርማ በር ወርዶ የሚመጣ መኪና ሲቆም አቤት የምንለው እኛ ነን። ጥያቄሽን አነበብኩላት። ቃሏን ሳልቀይር እነሆ፦

"የኔ ልጅ፣ እግዜር ይባርክሽ፤ እናትሽን የምትረጂ ልጅ ነሽ። እኔ ገብሱን ለቅሜ፣ ነክሬ፣ ፈትጌ ነው የማምሰው። ሁልጊዜ ያው ነው። ተሳፋሪ በመስኮት ገዝቶ ያልፋል። ይጣፍጥ አይጣፍጥ አልሰማም፤ ደሴ ገብቷል። ሾፌር ግን ይመለሳል። 'እትዬ፣ ያለፈው ጠንክሮብናል' ይለኛል። ወይም 'የዚያን ጊዜው ነበር ቆሎ' ይለኛል። እኔ ታዲያ ቆሎውን ሳስይዘው ልብ ብዬ እይዛለሁ፤ የትኛውን ገብስ ነበር የሰጠሁት? ስንት ሰዓት የተነከረውን? እሳቱ ምን ነበር? ሾፌሮቹ ባይኖሩ ሰላሳ ዓመት ባምሰው አንድ ዓይነት ነበር። ካንቺ ዕቃ ወስዶ የሚመለሰው ማነው? እሱን አጫውቺው።"

ይህን ብላ ወደ ምጣዷ ሄደች። መንገዱ ሰላም ሆኖ ስታልፊ ቁሚና ቅመሽልን ብላለች።

መምህሩ (ደብረ ብርሃን) መለሰ፦

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ባጭሩ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በርሊን በሚገኝ የሙዚቃ ተቋም የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትሟል። በጽሑፉ ሥራንና ልምምድን ይለያቸዋል። ሥራ ላይ ከሰው የሚጠበቀው የሚችለውን ነገር ሳይሳሳት ማድረግ ነው። ስለዚህ የታወቀውን መንገድ ይደጋግማል። ልምምድ ደግሞ የማይችለውን ነገር ለይቶ፣ ውጤቱን እያየ፣ እያስተካከለ የሚሞክርበት ነው። ረጅም ዘመን መሥራት ብቻውን ሰውን የማያሻሽለው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ በበግ፣ በመድኃኒትና በቆሎ የነገራችኋት ሥራው ውስጥ ትንሽ ልምምድ ስለማስገባት ነው። ግምቱ የሚጠቅመውም ብትሳሳቺ ማንም ስለማይጎዳበት ነው። ዕቃ አይጠፋም፣ ሰነድ አይበላሽም።

ሁለተኛው ስለ ሌሊት 10 ሰዓቱ ነው። በዚያው ጥናት የተሻሉት ተጫዋቾች እንቅልፍ የሚቀንሱ አልነበሩም። ይበልጥ የሚተኙት እነሱ ነበሩ፤ ቀንም ጋደም ይላሉ። ልብ ብሎ መሥራት ያደክማልና እረፍት ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት ተነስተሽ ራስሽን አትቅጪ። ልብሽ ንቁ በሆነበት ሰዓት፣ ትንሽ ጊዜ፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ አድርጊው።

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂዋ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደብረ ሲናዋን እትዬ በተለይ፤ እጃቸውን ሳሙልኝ። "የሚመለሰው ማነው?" ያሉት ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ዕቃ ወስዶ የሚመለሰው የየክፍሉ ጸሐፊ ነው። እስከዛሬ የማወራቸው ስለ ፊርማ ብቻ ነበር። ዛሬ አንዷን ቶነሩ ስንት ገጽ እንዳተመላት ጠየቅኳት። አንደኛው ዓይነት ከሌላው በጣም ቶሎ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። እኔ ካርዱ ላይ ሁለቱንም "ቶነር" ብዬ ነው የማያቸው። ግዢ ክፍል ይህን አያውቅም። ጽፌ ልሰጣቸው ነው።

ወንድሜ የፈረቃ ሠራተኛ፣ የባለፈውን የቆጠራ ሪፖርት ጠይቄያለሁ። ኃላፊዬ ገረማቸው እንጂ አልከለከሉኝም።

የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ ከመንዝ ግምቱን በእርሳስ ካርዱ ጠርዝ ላይ ጻፊ ብለዋል፤ ይቻላል? ሌላው ጎማ ነው። ጎማ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚወጣው። አንዳንድ ወር ዜሮ፣ አንዳንድ ወር በአንዴ ብዙ። አማካዩ ምንም አይነግረኝም። እሱን በምን ልገምት?

የፋርማሲዋ (ሸዋ ሮቢት)፦

ካርዱ ላይ አትጻፊ፤ በእርሳስም ቢሆን። ወንድማችን በቅንነት ነው ያለው፤ የእሱ መዝገብ ሌላ ነው። ቢን ካርድ ግን ኦዲተር የሚያየው ሰነድ ነው። ከገባ፣ ከወጣና ከቀሪ ሌላ ቁጥር ሊኖርበት አይገባም። የራስሽን ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ዕቃውን፣ ግምትሽን ጻፊና ለእውነተኛው ቁጥር ቦታ ክፈቺለት። ከጎኑ ሰፋ ያለ ባዶ ተዪ፤ ለምን እንደራቀ የምትጽፊበት። በሁሉም ዕቃ አትጀምሪ። በአምስት ስድስት ዕቃ ይበቃል፤ ቶሎ ቶሎ በሚወጡት።

ጎማን በካርዱ አታገኚውም። ጎማ የሚያልቀው መኪናው ስለሄደ ነው። ስምሪት ክፍል ሂጂና የኪሎ ሜትር መዝገቡን ጠይቂ። በየመኪናው ጎማ የተቀየረበትን ቀን ሞዴል 22 ላይ ታገኚዋለሽ። ሁለቱን ስታገናኚ አንድ ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይወጣልሻል። መኪናዎቹን ግን አትደባልቂያቸው፤ በአስፋልት አዲስ አበባ የሚመላለሰውና በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣው አንድ አይደሉም። ሾፌሮቹንም ጠይቂ፤ የትኛው ጎማ እየሳሳ እንደሆነ ከመዝገቡ ቀድመው ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ሒሳብ ስታወጪ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።